ሶኬቱ ተነቅሎም ያው ፊውዥን ነው ወይ?

የደረሰኝ ጥያቄ ሲጠቃለል እንዲህ ይላል፦

«አጎቴ ከአሜሪካ ባመጣቸው ካሴቶች የቺክ ኮሪያን ኤሌክትሪክ ባንድ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። በቅርቡ የሥራ ባልደረባዬ የ1989ኙን የአኩስቲክ ባንድ አልበም ሰጠኝ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ፒያኒስቱ ቺክ ኮሪያ፣ ቤዚስቱ ጆን ፓቲቱቺ፣ ድራመሩ ዴቭ ዌክል። ሲንተሳይዘር የለም፣ ጊታር የለም፣ ሳክስፎን የለም። ግን እንደ ድሮ ጃዝም አይሰማኝም። ድራሙ በጣም ንጹሕ ነው። ፒያኖ የሚጫወት ጓደኛዬ ደግሞ ‹ይሄ ጂም ቤት ነው እንጂ ሙዚቃ አይደለም› ብሎ አጣጣለው። እውነተኛ ጃዝ ነው ወይስ ፊውዥን ልብስ ቀይሮ ነው የመጣው? እንዴትስ ብሰማው ይሻላል?»

ወንድሜ፣ ጓደኛህ ቸኮለ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። አንተ ደግሞ ሳታስበው ቁልፉን ይዘኸዋል። «ድራሙ በጣም ንጹሕ ነው» ያልከው ላይ ቆመን ነው የምናወራው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እንዳትምታታ።

መጀመሪያ አንድ ቃል እናጥራ። እኛ ሀገር «ፊውዥን» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ማሲንቆና ክራር ከድራምና ከቤዝ ጊታር ጋር ሲገጥሙ ነው። እሱም ፊውዥን ነው፤ ግን የዛሬው ወሬያችን ሌላ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ጃዝ ከሮክና ከፈንክ ጋር ተጋባ። የኤሌክትሪክ ፒያኖ ገባ፣ ቤዝ ጊታር ገባ፣ ቆይቶም ሲንተሳይዘር። ሰርጉ ላይ ከነበሩት አንዱ ቺክ ኮሪያ ነው። ስሙ ከሀገሩ ጋር አይምታታብህ። ቤተሰቡ ከጣሊያን የመጣ ነው፤ እሱ የተወለደው በ1941 ቦስተን አጠገብ ቼልሲ በምትባል ከተማ ነው።

አንተ መጀመሪያ ያወቅከው ኤሌክትሪኩን ነው። ስለዚህ አኩስቲኩ ሲመጣ «ወደ ኋላ ተመለሰ» የሚል ስሜት ይፈጥርብሃል። ለቺክ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በ1968 ከሚሮስላቭ ቪቶውስ ቤዝና ከሮይ ሄይንስ ድራም ጋር «ናው ሂ ሲንግስ፣ ናው ሂ ሶብስ» የሚባል የትሪዮ፣ ማለትም የሦስት ሰው ቡድን፣ አልበም ሠርቷል። እስካሁን ፒያኖ ተማሪዎች እንደ ዳዊት የሚደግሙት ሥራ ነው። አንዲት የኤሌክትሪክ ሽቦ የለበትም። በዚያው ዓመት ፒያኒስቱን ሄርቢ ሃንኮክን ተክቶ የጥሩምባ ነፊው ማይልስ ዴቪስ ባንድ ውስጥ ገባ። ማይልስ ፌንደር ሮድስ ላይ አስቀመጠው። ሮድስ ማለት መዶሻው ገመድ ሳይሆን ቀጭን የብረት ዘንግ የሚመታበት፣ ድምፁንም ማግኔት ለቅሞ ወደ አምፕሊፋየር የሚልክበት ፒያኖ ነው። ቺክ በኋላ እንደተናገረው መጀመሪያ ላይ አልወደደውም። እየቆየ ነው የለመደው። ለምዶም አልቀረ፣ በ1972 «ሪተርን ቱ ፎሬቨር» የሚባለውን ባንዱን በዚያው ሮድስ ላይ ገነባ።

ስለዚህ የ1989ኙ አልበም ላይ ፒያኖ ፊት የተቀመጠው ሰው «ጃዝ ልሞክር» ያለ የፊውዥን ሰው አይደለም። ቤቱ ነው የገባው። ታዲያ ለምን እንደ ድሮ ቤት አይሸትም?

መልሱ ሁለቱ ጎረምሶች ናቸው።

ፓቲቱቺ በ1959፣ ዌክል በ1960 ነው የተወለዱት። ማይልስ ኤሌክትሪክ ሲሰካ ገና ሕፃናት ነበሩ። ለቺክ ፊውዥን በአዋቂነቱ ወድዶ የሄደበት ስደት ነው። ለእነሱ ግን የተወለዱበት ሰፈር ነው። ጃዝን አያውቁም ማለቴ አይደለም፤ አጥንተውታል፣ በደንብም ይችሉታል። ግን ጃዝንም ሮክንም ፈንክንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ መደርደሪያ ነው የወሰዱት። ቺክ ኤሌክትሪክ ባንድን ይዞ በ1986 ጂ አር ፒ በሚባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን አልበም ሲያወጣ ሁለቱም ሃያዎቹን ገና አጋምሰው ነበር። ሲንተሳይዘሩ፣ ሲኩዌንሰሩ፣ በጣም የተጠና አደራደሩ ሁሉ የዚያ ትምህርት ቤት ነው። ሲኩዌንሰር ቀድሞ የተቀዳውን ምት ሳያዛንፍ ይደግመዋል። አብሮት የሚመታ ድራመር አንድ ጸጉር ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አይችልም። ማሽኑ አይጠብቅህም።

እንግዲህ ይሄንን ልማድ ይዘህ ሶኬቱን ንቀል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ሶኬቱ ሲነቀል ቺክ መሣሪያ ቀየረ፤ ከሮድስና ከሲንተሳይዘር ወደ ትልቁ ፒያኖ። ፓቲቱቺም ቀየረ፤ ከባለ ስድስት ገመዱ ቤዝ ጊታር ወደ ትልቁ የቆመ ቤዝ። ዌክልስ? ድራም ያው ድራም ነው። በኤሌክትሪኩ ጊዜ ጎን ለጎን የሚነኩ ኤሌክትሮኒክ ፓዶች ነበሩ፤ እነሱ ቀሩ። ከዚያ ውጭ ቆዳ ቆዳ ነው፣ ሲምባል ሲምባል ነው። ከሦስቱ ዋናው መሣሪያው ያልተቀየረው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ የድሮው ባንድ ጠረን የቀረው እሱ ላይ ነው። ጆሮህ መጀመሪያ እዚያ የሄደው ያለ ምክንያት አይደለም።

ንጽሕናው ከምን ይመጣል? ግማሹ ከእጅ ነው። ዌክል እያንዳንዷን ምት እኩል አጥርቶ ይመታል። ሌላው ግማሽ የድራም ማስተካከልና የቀረጻ ጉዳይ ነው። በ1950ዎቹና 60ዎቹ የጃዝ ድራመሮች ትልቁን የእግር ከበሮ ሳያፍኑ ክፍት አድርገው፣ ድምፁንም ከፍ አድርገው ይቃኙት ነበር። ስትመታው «ቡምምም» ብሎ ይጎትታል፤ ከቤዙ ድምፅ ጋር ይቀላቀላል። የፊውዥን ዘመን ድራመር ውስጡ ትራስ ይከትበታል፤ ቶም የሚባሉትን ከበሮዎች ያፍናል፤ ለእያንዳንዱ ከበሮ የየራሱን ማይክ አስጠግቶ ይተክልበታል። ድምፁ አጭር፣ ወፍራም፣ ጥርት ያለ ይሆናል፤ «ዱፍ»። ጂ አር ፒ ደግሞ በዴቭ ግሩሲንና በላሪ ሮዘን የተመሠረተ፣ በዲጂታል ቀረጻው የሚታወቅ ቤት ነው። የእነሱን ሥራ ስትሰማ አቧራ አታገኝም። መስታወቱ ተወልውሏል።

እኔ በሙያዬ የድምፅ ሰው ነኝ፤ ይሄን ነገር በዓይኔ ያየሁበትን ላጫውትህ። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክለብ ለትሪዮ ምሽት ድምፅ እያስተካከልኩ ነበር። ድራመሩ ጎበዝ ወጣት ነው፤ ዌክልን ያመልካል። ቀድሞኝ መጥቶ የእግር ከበሮው ውስጥ ግማሽ ብርድ ልብስ ከትቶ፣ ቶሞቹ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ጠበቀኝ። ፒያኖ የሚጫወቱት አንድ አንጋፋ ጋሼ ነበሩ። ገቡ፣ ኮታቸውን ሰቀሉ፣ አንድ ሁለቴ ከበሮውን በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉ። ምንም ሳይሉ ጎንበስ ብለው ብርድ ልብሱን መዝዘው አወጡና አጣጥፈው ሰጡት። «ማታ ተኛበት፤ አሁን ሥራ ላይ ነን» አሉት። ልጁ ሳቀ፤ ግን ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ያን ምሽት ያለ ብርድ ልብስ መታ፤ ከበሮው ጮኸ፣ ቤዙን ሸፈነው፣ እኔም ሲያምሰኝ አመሸሁ። ማን ልክ ነበር ብትለኝ እስካሁን እከራከራለሁ። ሁለቱ ሰዎች ስለ ድምፅ ብቻ አልነበረም የተጣሉት፤ ድራም በትሪዮ ውስጥ ምን ይሠራል በሚለው ነው።

ወደ አልበሙ። አሥር ዘፈን አለው። አራቱ የቺክ የራሱ ናቸው፤ «ሞርኒንግ ስፕራይት»፣ «ሰርክልስ»፣ «ቲ ቢ ሲ» እና «ስፔን»። ቲ ቢ ሲ ሲዘረዘር አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚረከቡበት ቦታ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ በጉብኝት የሚዞር ሙዚቀኛ ስንት ሰዓት እዚያ ቆሞ እንደሚያሳልፍ ገምት። የቀሩት ስድስቱ የሌሎች ሰዎች ሥራዎች ናቸው፤ የሳክስፎኒስቱ ጆን ኮልትሬን፣ የዱክ ኤሊንግተን፣ የኮል ፖርተርና ሌሎችም። የጃዝ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው፣ «ስታንዳርድ» የሚባሉት። አልበሙ በ1990 የግራሚ ሽልማት በጃዝ ቡድን ዘርፍ አሸንፏል። ሽልማት ብዙም አይሞቀኝም፤ ግን «ጃዝ ነው ወይ?» ለሚለው ጥያቄህ ያኔ ሸላሚዎቹ ምን እንዳሉ እወቅ ብዬ ነው።

አሁን የምሰጥህን የቤት ሥራ በእውነት ሥራው። ሁለት ብሉዝ ጎን ለጎን ስማ። አንደኛው «ማትሪክስ» ነው፤ ከ1968ቱ አልበም። ሁለተኛው «ቤሲስ ብሉዝ»፤ የ1989ኙ አልበም መክፈቻ፣ ኮልትሬን «ክሬሰንት» በተባለው የ1964 አልበሙ ላይ ያወጣው። ሁለቱም ባለ 12 ባር ብሉዝ ናቸው። ማለትም ቤቱ አንድ ነው፤ አሥራ ሁለት ክፍል፣ ስትጨርስ እንደገና ከደጃፉ ትጀምራለህ። ፒያኖ የሚጫወተውም አንድ ሰው ነው። በመካከላቸው ያለው 21 ዓመት ነው፤ ከጎኑም የቆሙት ሰዎች።

ማትሪክስ ላይ ፒያኖውን ተወው። ሮይ ሄይንስን ብቻ ተከተል። ሄይንስ በ1925 የተወለደ፣ ከሳክስፎኒስቱ ቻርሊ ፓርከር ጋር የመታ ሰው ነው። ስኔር የሚባለው ከበሮው ደረቅ ነው፤ እንደ እሳት ላይ እንጨት «ጣ፣ ጣጣ» ይላል። መቼ እንደሚመጣ አታውቅም። ራይድ ሲምባሉ ሁልጊዜ ያንኑ ሐረግ አይደግምም፤ ይናገራል፣ ያቆማል፣ ይቀጥላል። ቺክ አንድ ነገር ሲል ሄይንስ ይመልስለታል፤ አንዳንዴም ሳይመልስለት ያልፋል። ምቱን ማንም አይሸከመውም። ሦስቱም ያውቁታልና መሬት ላይ ተዘርግቶ ይተዋል።

ከዚያ ወደ ቤሲስ ብሉዝ ሂድ። ዌክልም ይመልሳል፤ ግን መልሱ የተሟላ ዓረፍተ ነገር ነው። ቺክ ሐረጉን የት እንደሚጨርስ ቀድሞ ያያል፤ እዚያ ደርሶ ይጠብቀዋል። ሁለቱ አንድ ላይ «ጥፍ» ይላሉ። መጀመሪያ ስትሰማው ተነጋግረው ያዘጋጁት ይመስልሃል። አንዳንዱ በእርግጥም ተዘጋጅቷል፤ ብዙው ግን እዚያው የተፈጠረ ነው። ኤሌክትሪክ ባንድ ውስጥ አብረው በኖሩባቸው ዓመታት የተሠራ ጆሮ ነው። ያን ሁሉ የተጠና ዩኒዞን፣ ሁሉም አንድ ዜማ በአንድ ጊዜ የሚጫወቱትን፣ አብሮ የተጫወተ ሰው፣ ሳይጠናም አብሮ ያርፋል።

ለኔ አልበሙ ውስጥ ያለው ፊውዥን ይሄ ነው። ሽቦው አይደለም፤ አብሮ የማረፍ ልማዱ ነው። የድሮ ጃዝ ትሪዮ እንደ ቡና ላይ ወሬ ነው፤ ሰው ሰውን ያቋርጣል፣ አንዱ ዝም ይላል፣ ሌላው ወሬ ይቀይራል። ይሄኛው ደግሞ አንዱ ሲጀምር ሌላው ዓረፍተ ነገሩን የሚጨርስለት የጓደኛሞች ጨዋታ ነው። ደስ ይላል። ግን አንዳንዴ ሌላ ነገር የሚባልበት ቦታ አይተርፍም።

ማስረጃ ከፈለግክ ከራስህ ካሴት ላምጣልህ። የ1986ቱ የኤሌክትሪክ ባንድ አልበም ላይ «ጋት ኤ ማች?» የሚል አለ። ታስታውሰዋለህ፤ ያ በጣም ፈጣኑ። ሲንተሳይዘሩን በአእምሮህ አንሳውና ዜማውን ብቻ ስማ። ያ መስመር የቢባፕ፣ የድሮው ፈጣን ጃዝ፣ መስመር ነው። ቻርሊ ፓርከር ቢሰማው ባዕድ አይሆንበትም ነበር። ጃዙ እዚያም ነበረ፤ ሽቦው ሸፍኖት ነው እንጂ።

ስለ ቤዙ ትንሽ ልበል፤ ሰው ፓቲቱቺን ሁሌ ይረሳዋል። ቤዝ ጊታር ላይ ገመዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ 86 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የቆመው ቤዝ ላይ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ፍሬት የሚባሉት ብረቶችም የሉም። ጣት ከአንድ ኖታ ወደ ሌላው የሚሄደው መንገድ ረዝሟል፤ ምልክትም የለውም። ሰውየው ግን ባለ ስድስት ገመዱ ላይ የሚጫወታቸውን ሐረጎች ሳይቀንስ ነው ያመጣቸው። ሶሎ ሲወስድ ወደ ላይኛው ጫፍ ወጥቶ ይዘፍናል፤ ቼሎ እስኪመስል። እኔ ያ ድምፅ ትንሽ የአምፕሊፋየር ቃና ስላለው ቅር ይለኛል። እንጨቱን መስማት እወዳለሁ። የጣዕም ጉዳይ ነው። ኖታዎቹ ረጅም ሆነው እንዲዘፍኑ የረዳውም ያው ቃና ነው።

ቺክስ ምን ሆነ? ቦታ አገኘ፤ ቦታውም ሥራ አበዛበት። በኤሌክትሪኩ ጊዜ መካከሉን የፍራንክ ጋምባሌ ጊታር ይሞላዋል፤ ዜማውን የኤሪክ ማሪየንታል ሳክስፎን ይሸከመዋል። አሁን ሁለቱም የሉም። መካከሉ ባዶ ሜዳ ነው። ሮድስ ቢሆን ድምፁን ከፍ ማድረግ ነው፤ ፒያኖ ላይ ግን ያለህ ክንድህ ብቻ ነው። እንደዚያ የሚመታ ድራመር አጠገብህ ተቀምጦ እንዳትዋጥ ኮርዱን፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱትን ኖታዎች፣ አጭርና ስለታም አድርገህ ትወረውራለህ። የቺክ ግራ እጅ ላይ የምትሰማት ያቺ ሹል ነገር ከላቲን ሙዚቃም የመጣች ናት፤ በወጣትነት ዘመኑ ከኩባዊው ከበሮ መቺ ሞንጎ ሳንታማሪያ ጋር ሠርቷል። እዚህ አልበም ላይ ግን ሌላ ጥቅም አላት፤ በድራሙ መካከል መሹለኪያ ናት።

አሁን ወደ ጓደኛህ «ጂም ቤት»።

እውነት አለው። «ስፔን» ላይ። ያ ሥራ መጀመሪያ የወጣው በሪተርን ቱ ፎሬቨር «ላይት አዝ ኤ ፌዘር» አልበም ነው። መግቢያው ከስፔናዊው ዮአኪን ሮድሪጎ የአራንሁዌዝ ኮንሰርቶ የተወሰደ ዝግተኛ ዜማ ነው፤ ቺክ በሮድስ የሚጫወተው። ከዚያ ጭብጨባው ይመጣል፤ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው። የ1989ኙ ላይ ሦስቱ ሰዎች ያን ዘፈን መቶ ጊዜ ተጫውተውት ስለሰለቻቸው ይመስላል ይገነጣጥሉታል። ችሎታቸው አፍ ያስከፍታል። አፌን ከፍቼ እሰማዋለሁ፤ ስጨርስ ግን የሚቀረኝ ዜማ የለም። የአልበሙ መዝጊያ ባይሆን ይሻል ነበር እላለሁ።

«ኦተም ሊቭስ» ላይ ግን ጓደኛህ ተሸንፏል። ይሄ በፈረንሳይ ሀገር ዮሴፍ ኮስማ የደረሰው፣ ጃዝ የሚጀምር ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ባለ 32 ባር ዘፈን ነው። ሺህ ጊዜ ተሠርቷል። ከዚህ በኋላ ምን ይወጣዋል ትላለህ። እንዲህ አድርግ፦ አራት እየቆጠርክ ሁለትና አራት ላይ አጨብጭብ። አታቁም። የሆነ ቦታ ላይ ሦስቱም በሌላ ፍጥነት የሄዱ ይመስልሃል፤ እጅህ የተሳሳተ ይመስልሃል። አጨብጭብ፣ አትስማቸው። ትንሽ ቆይተው ተመልሰው እጅህ ላይ ያርፋሉ። ዋናው ምት የትም አልሄደም፤ በላዩ ላይ ሌላ ምት ጭነውበት ነው። ማሽን ያሠለጠነው ጆሮ ለዚህ ነው የጠቀመው። ማንም ጮክ ብሎ ሳይቆጥር ሦስቱም ውስጣቸው ያው ሰዓት እየመታ ነው። ስለዚህ አንዱ ከሜዳ ቢወጣ ሌሎቹ አይደነግጡም።

ደግሞ ለእኛ ጆሮ የሚመች ነገር አለው። በችክችካ ያደገ ሰው ሦስትንና ሁለትን አንድ ላይ ለመስማት አስተማሪ አያስፈልገውም፤ ትከሻው ያውቀዋል። «ሰምዴይ ማይ ፕሪንስ ዊል ካም» የሚለውን ባለ ሦስት ምት ቫልስ ስትሰማ እግርህን በሁለት ምታ፤ ሳታስበው ትገባለህ። ፈረንጅ ተማሪ ወር የሚፈጅበት ነው።

አንድ ነገር ግን ክርክሬን እንዳያበላሽ ቀድሜ ላንሳ። «የፊውዥን ሥር ያለው ሰው አኩስቲክ ሲጫወት እንዲህ ነው የሚሆነው» ብል አንተ ወይም ጓደኛህ ፒያኒስቱን ኪት ጃረትን ታመጡብኛላችሁ። ልክ ናችሁ። በ1970 በዋይት ደሴት ፌስቲቫል ላይ ማይልስ ጋር ቺክ በኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ጃረት በኦርጋን፣ ጃክ ዲጆኔት በድራም አንድ መድረክ ላይ ነበሩ። ከዚያ ጃረት በ1983 ከዲጆኔትና ከቤዚስቱ ጋሪ ፒኮክ ጋር በአብዛኛው ስታንዳርድ የሚጫወት ትሪዮ ይዞ ብቅ አለ። ሥራቸው ከቺክ አልበም ጋር እህትና ወንድም አይመስልም። ዲጆኔት ሲምባሉን እንደ ጉም ነው የሚያሰራጨው፤ ማን የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ማይልስ ቤት ማደር ብቻውን አይበቃም። ልዩነቱ ፊውዥንን በስንት ዕድሜህ እንዳገኘኸው ነው። ዲጆኔትም ቺክም በአዋቂነታቸው ገቡበት፤ ሲወጡም የድሮ ልብሳቸው ቤት ይጠብቃቸው ነበር። ዌክልና ፓቲቱቺ ሌላ ልብስ አልነበራቸውም። አኩስቲክ ባንድን ልዩ ያደረገው አንድ የ1968 ሰው ከሁለት የ1986 ሰዎች ጋር መቀመጡ ነው። አንዳንዴ እሱ ወደ እነሱ ይሄዳል፣ አንዳንዴ እነሱ ወደ እሱ። «ሶፊስቲኬትድ ሌዲ» ላይ እነሱ ናቸው የመጡት፤ ስፔን ላይ እሱ ነው የሄደው።

ስለዚህ ጃዝ ነው። ልብሱንም አልቀየረም። የራሱን ልብስ ለብሶ ነው የመጣው።

ከዚህ በኋላ ምን ልስማ ካልከኝ፣ በ1991 «አላይቭ» የሚል የመድረክ አልበም አላቸው። ከስቱዲዮው ይልቅ ትንፋሽ አለው፤ ግን ያው የወጣትነት ጉልበት ነው። ከዚያ በኋላ ዌክል ሳይኖር ቪኒ ኮላዩታ የመታበት የቶኪዮ ቀረጻ አለ። እሱን ለማወዳደር ስማው። ድራመሩ ሲቀየር ትሪዮው እንዴት ሌላ ሰው እንደሚሆን ታያለህ።

እኔ ግን የምመርጥልህ በ2018 ጥር ወር ፍሎሪዳ ውስጥ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ የተቀዳውን ነው። ሦስቱም እነዚያው ናቸው። ቺክ 76 ዓመቱ ነበር፤ ሁለቱ «ጎረምሶች» ስልሳ ሊሞላቸው ነው። በመካከሉ ፓቲቱቺ ከ2000 ጀምሮ በሳክስፎኒስቱ ዌይን ሾርተር ኳርቴት፣ የአራት ሰው ቡድን፣ ውስጥ ብዙ ዓመት ኖሯል። እዚያ ቤት ደግሞ ዋናው ሙያ ያለመጫወት ነው። ይሰማል። አንዳንድ ቦታ ቤዙ ጭራሽ ዝም ይላል፤ የ1989ኙ ልጅ ያን አያደርግም ነበር። ዌክልም ክፍት ድምፅ ይዞ ነው የመጣው፤ እንደ ድሮው አያፍነውም። ሐረግ ላይ አብረው ማረፉ አለ፤ ግን አንዳንዴ ሊያርፉ ይደርሱና ይተዉታል። ሳትጠብቀው ባዶ ቦታ ትረግጣለህ። ደስ የሚለኝ እሱ ነው።

ቺክ በየካቲት 2021 በካንሰር ሞተ፤ 79 ዓመቱ ነበር። ይሄ ቀረጻ አልበም ሆኖ የወጣው እሱ ካለፈ በኋላ በዚያው ዓመት ነው። «ሃምፕቲ ደምፕቲ» ላይ የተጫወተው ሶሎም በ2022 ግራሚ አሸነፈ። ያቺን ሥራ መጀመሪያ ያወጣት በ1978 ነው፤ አርባ ዓመት ተሸክሟታል።

የመጨረሻ፣ የድምፅ ሰው ምክር። ይሄን ሁሉ በስልክህ ስፒከር እንዳትሰማው። የቤዙ ዝቅተኛው ገመድ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ የስልክ ስፒከር ያንን ከየት ያመጣዋል? ቤዙ ሲጠፋ የሚቀርህ ፒያኖና ሲምባል ነው፤ ያኔ በእርግጥም ጂም ቤት ይመስላል። ምናልባት ጓደኛህ እንደዚያ ነው የሰማው። ጥሩ ማዳመጫ አድርግ፤ ወይም ቤት ውስጥ ትልቅ ስፒከር ያለው ዘመድ ካለ ቅዳሜ ከሰዓት ሂድበት። መጀመሪያ ማትሪክስ፣ ቀጥሎ ቤሲስ ብሉዝ፣ ቀጥሎ የ2018ቱ ሃምፕቲ ደምፕቲ። ፒያኒስቱን ጓደኛህንም ይዘኸው ሂድ። ሦስቱንም ሰምቶ ያው «ጂም ቤት ነው» ካለህ አትከራከረው። ፒያኖው ፊት አስቀምጠውና የማትሪክስን ሶሎ የመጀመሪያውን አንድ ዙር ብቻ፣ አሥራ ሁለቷን ባር፣ በቀኝ እጁ ይሞክራት።